ሰዓቱን በጆሮው የሚያይ ሰው

ሰሚራ ስትደውልልኝ በሩን እየከፈትኩ ነበር። የምጠብቀው ሕንፃ ኡራኤል ሳይደረስ ነው ያለው። የሚጎተት የብረት በር አለው፤ ከባድ ነው፣ በሁለት እጅ ካልሆነ አይሄድም። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ሸጉጬ «አቤት ልጄ» አልኳት። ውጭ የቆመው ባለመኪና ጥሩምባውን ይነፋል።

«ጋሽ ታዬ፣ አባ ለሱብሂ አልተነሳም» አለችኝ።

ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አባቷ ሸምሱ ለሱብሂ፣ ለንጋት ሶላት፣ ያልተነሳበትን ቀን አላውቅም። ሲታመምም ይነሳል፣ ሲያዝንም ይነሳል፤ ካዛንቺስ ያለው ሱቁ የፈረሰ ዕለት እንኳን ተነስቶ ሰግዶ ነው የመጣው። በሩን ግማሽ ድረስ ከፍቼ ትቼው ወደ ቤታቸው፣ ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር ሄድኩ። ባለመኪናው ምን እንዳደረገ አላውቅም። ከፈለገ ወርዶ ይግፋው።

ሸምሱ ልብስ ሰፊ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንዲት የእግር ስፌት መኪና ይዞ ዕድሜውን እዚያ ጨረሰ። እኔ ያን ጊዜ ከሱ ፊት ለፊት ያለ መጋዘን እጠብቅ ነበር። ሁለታችንም ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ የምንውል ሰዎች ስለሆንን ከመተያየት ብዛት ተዋወቅን። መጀመሪያ ያናገረኝ ስለ ሱሪዬ ነው።

«አንተ ዘበኛ» አለኝ ከመንገዱ ማዶ፣ «ያን ሱሪ የሰፋልህ ሰው ጠላትህ ነው?»

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«አንዱ እግርህ ወደ መስቀል ፍላወር ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ኡራኤል። አውልቅና አምጣው።»

አነጋገሩ እንዲህ ነበር። ደንበኛ አይለማመጥም። አንድ ሰው ለሠርጉ ያሰፋው ኮት ጠበበኝ ብሎ መጣ። ሸምሱ ኮቱን ሳይሆን ሰውዬውን ዞሮ አየና «ኮቱ ደህና ነው፤ ከለካሁህ በኋላ የበላኸውን እኔ አላውቅም» አለው። ሰውዬው ተቆጣ፣ ብዙ ተናገረ። ሸምሱ ግን እሱ ሲናገር ጎንና ጎኑን ተርትሮ ጨርሷል። ያን ዕለት ሳይመሽ አስፍቶ ሰጠው። «ለሙሽራዋ ብዬ ነው፣ ፎቶ ላይ እንዳታፍር» አለኝ በኋላ።

ሜትሩ አንገቱ ላይ ይውላል እንጂ የሚለካው በዓይኑ ነው። ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ከቀብር ስመለስ ቤቴ በር ላይ ጥቁር ኮት ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ስፋልኝ አላልኩትም፣ ልኬቴንም አልወሰደም። አለበሰኝና ትከሻው ላይ ያለውን ስፌት በጣቱ እየዳሰሰ ትንሽ ቆየ። «ከስተሃል እንጂ ልክህ ነው» አለ። ከዚህ ሌላ የማጽናኛ ቃል አልተናገረኝም። ያ ኮት አሁንም አለኝ።

ግራ እጁ ላይ ሰዓት ነበረው። ታላቅ ወንድሙ ከጅዳ ያመጣለት ነው፤ ማሰሪያው ብረት፣ መስታወቱ በመርፌና በመቀስ የተጫረ። ወንድሙ ሲሰጠው «ይሄ ባትሪ የለውም፣ አይሞላም፣ የሚሠራው በሰው ደም ነው» ብሎት ነበር። ሸምሱ አመነ። እኛም አመንን። ያን ጊዜ በሰፈራችን ሰው ሁሉ እንዲህ ዓይነቱን ሰዓት በደም ይሠራል ነበር የሚለው። ደም ሥር ላይ ይተኛል፣ የደሙን ምት ይቀበላል፣ በሱ ይሄዳል። እንዴት ተብሎ አይጠየቅም። ራዲዮኑስ እንዴት እንደሚያወራ ማን ጠይቆ ያውቃል።

ሸምሱ ሰዓቱን አያየውም፤ ይሰማዋል። ጨርቅ ቆርጦ ሲጨርስ፣ ክር ሲያልቅበት፣ ደንበኛ ሲያስጠብቀው ግራ እጁን አንስቶ ሰዓቱን ጆሮው ላይ ያስጠጋል። ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ከዚያ «አለሁ» ይላል። ለማንም አይደለም የሚለው። ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስንት ሰዓት ነው ብትለው እንደገና እጁን አንስቶ ማየት አለበት።

«ሌላው ሰው ሰዓት የሚያስረው ሰዓት ለማወቅ ነው» ብዬ ስስቅበት፣ «ሰዓቱንማ መስጊዱም ይነግረኛል፣ የናንተም ቤተ ክርስቲያን ይነግረኛል። ይሄ የሚነግረኝ ሌላ ነው» ይለኝ ነበር።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። የማስታውሰው፣ ሰው ሁሉ ዕቃውን ሲያወጣ ሸምሱ ቁጭ ብሎ ሱሪ ሲሰፋ ነው። ጎረቤቱ ቆርቆሮውን ከላዩ ላይ እያነሳ ነው፣ እሱ ይሰፋል።

«ሸምሱ፣ ተነስ እንጂ» አልኩት።

«ሰውዬው ነገ ሊወስደው ይመጣል።»

«ነገ የት ነው የሚመጣው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ይሄን አላሰበውም ነበር። እግሩን ከፔዳሉ ላይ አላነሳም፤ ሱሪውን ጨረሰ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ አጠፈው። ባለ ሱሪው ከዚያ ወዲህ አልተገኘም። ግራጫ ሱሪ ነው። ሸምሱ በሄደበት ሁሉ ይዞት ሄዷል።

እኔ በዘመድ በኩል አሁን ያለሁበት ሕንፃ ተቀጠርኩ። ሸምሱ ሴት ልጁ ሰሚራ ዘንድ ገባ። ሰሚራ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቡልጋሪያ ከጋራዦቹ ጀርባ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መኝታ ቤትና ሳሎን ተከራይታለች። አባቷን ትወዳለች። ስለሷ ክፉ የሚናገር ሰው ካለ መጥቶ እኔን ያናግረኝ። የስፌት መኪናዋን ግን ቤት ማስገባት አልቻሉም፤ ሶፋው ካልተነሳ ቦታ የለም። ስለዚህ መኪናዋ እኔ ጋ፣ ሕንፃው ምድር ቤት፣ ከመጥረጊያውና ከባልዲው ጎን ላስቲክ ለብሳ ተቀመጠች።

ሸምሱ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። የሆነው ይሄ ነው በቃ። ቴሌቪዥን ይከፈትለታል፣ ምሳው በሳህን ተከድኖ ይጠብቀዋል። ጉልበቱን ስለሚያመው ሶላቱንም ወንበር ላይ ሆኖ ነው የሚሰግደው። ሰሚራ ማታ ስትመጣ ጠዋት ትታው በሄደችበት ቦታ ታገኘዋለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሸምሱ የምጠብቀው በር ድረስ መጣ። አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ሰዓቱን ፈታና መዳፌ ላይ አኖረው።

«ስማው።»

ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። «ይሄዳል» አልኩ።

«አሁን ይሄዳል። ስራመድ ደሜ ይሞቃል መሰለኝ። ለሱብሂ ስነሳ ግን ቆሞ ነው የማገኘው። ከሰሞኑ ሁሌ እንደዛ ነው።»

«ታዲያ ተበላሽቷላ።»

«እሱ አልተበላሸም» አለና ወደ መንገዱ ተመለከተ። «ታዬ፣ ደሜ ነው። ሌሊት ሌሊት እየሞትኩ ነው ማለት ነው።»

ሳቅኩ። ምን ላድርግ። «ሌሊት የሞተ ሰው ጠዋት ከቡልጋሪያ ኡራኤል በእግሩ አይመጣም» አልኩት።

«ቀስ እያለ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ሌሊት፣ ቀጥሎ ቀን።»

ፊቱን ሳየው ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ሸምሱ ሞት የሚፈራ ሰው አይደለም። ሞትንም በሥራው በኩል ነበር የሚያወራው። «የኛ ከፈን ስፌት የለውም፤ ነጭ ጨርቅ ነው፣ መጠቅለል ብቻ። ለራሴ የማልሰፋው ልብስ እሱ ነው፣ ያን ቀን ነው የማርፈው» እያለ ይስቅ ነበር። አሁን ግን አይስቅም። ሰሚራ እንደነገረችኝ ምግብ ቀንሷል። የግፊት መድኃኒቱንም አልውጥም ብሏል፤ «ለሚሄድ ሰው ምን ያደርጋል» ይላታል። እኔን ያሳሰበኝ ያ ነው። ሰዓቱ ከፈለገ ይቁም። ሰውዬው መብላት ከተወ ግን ሰዓቱ ነገረኝ ያለው ነገር እውነት ሊሆን ነው።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ሰዓቱ መበላሸቱን አሳይቼው ነገሩን እዚያው ልጨርሰው አሰብኩ።

«እኔ ጋ ተወው» አልኩት። «እኔም ላይ ሲቆም ታያለህ፤ ያኔ አፍህን ትዘጋለህ።»

እሺ አለ። ራሱ ነው ያሰረልኝ፣ ኮት እንደሚያለብስ ሰው እጄን ቀና አድርጎ።

ሰዓቱ እኔ ላይ አልቆመም። በሩን ስከፍት ይሄዳል፣ ስዘጋ ይሄዳል። ግቢውን ስጠርግ፣ የሰው መኪና ሳጥብ ይሄዳል። ጠዋት ተነስቼ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ይሄዳል። «ቁም እንጂ አንተ» እያልኩ ሰድቤዋለሁ። አልቆመም።

ሸምሱ ተመልሶ ሲመጣ ምንም አልጠየቀኝም። እጄን ይዞ ወደ ጆሮው ሳበው፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት ሽማግሌ እንደዛ ሆነን አላፊ አግዳሚው እየዞረ ያየናል።

«ያንተ ደም ደህና ነው» አለኝ። «አልሐምዱሊላህ። ዕድሜ ይስጥህ።»

ከልቡ ነው የመረቀኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኡራኤል ታክሲ መያዣው አጠገብ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ሰዓት ሠሪ አለ፣ ወጣት ነው። በማግስቱ ሸምሱን እየጎተትኩ ወሰድኩት። «ክፈትና አሳየው» አልኩት ሰዓት ሠሪውን። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሰዓቱን የጀርባ ክዳን ከፈተ።

«አባባ፣ ይቺን አዩዋት?» አለ። ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ብረት ናት። ሰዓቱን ወዲህ ሲያዘነብለው ብረቷ ትዞራለች፣ ወዲያ ሲያዘነብለው መልሳ ትዞራለች። «እጅዎ ሲወዛወዝ እሷ ትዞራለች። እሷ ስትዞር ውስጥ ያለውን ሞላ ታጠብቀዋለች፣ ሰዓቱ በሱ ይሄዳል። ኦቶማቲክ የሚባለው ይሄ ነው። ሰዓቱ ምንም አልሆነም።»

«ደምስ?» አለ ሸምሱ።

«የምን ደም?»

«በደም አይደለም የሚሠራው?»

ወጣቱ ሊስቅ አለና የሸምሱን ፊት አይቶ ተወው። «አይ አባባ። እጅ ካልተንቀሳቀሰ ይቆማል፣ ያ ብቻ ነው። እርስዎ ሥራዎ ምንድን ነው?»

ሸምሱ ብረቷን ነው የሚያየው። እኔ ደስ ብሎኛል፤ በዓይኑ አየ፣ ተገላገልን ብያለሁ። ወጣቱ ወሬውን ቀጠለ። «ካስቸገርዎት ደግሞ ማዞሪያ ሳጥን የሚባል አለ። ማታ እሱ ውስጥ ያደርጉታል፣ በኤሌክትሪክ እያዞረ ሲሞላው ያድራል። ብዙ ሰዓት የሚያፈራርቁ ሰዎች ናቸው የሚገዙት። ግድ አይደለም። ቢቆምም አይጎዳም፣ ነቅነቅ ያደርጉትና ያስተካክሉታል።»

ወጥተን አስፋልቱ ዳር ቆምን።

«እንግዲህ ሰማህ፣ ደም የለበትም» አልኩት።

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

«ደም ቢሆን ይሻል ነበር» አለ ሸምሱ። «ለደምማ ሐኪም አለ። ሰሚራም ፋርማሲ ናት፣ አንድ ነገር አታጣም። ለእጅ ማን አለ?»

አጠገባችን የታክሲ ረዳት «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ» እያለ ይጣራል። ሸምሱ ዞሮ አየውና «የት ሊያወርዳቸው ነው» አለ።

ነገሩ እጅ ከሆነ መድኃኒቱ ሥራ ነው ብዬ መኪናዋን ከምድር ቤት አወጣኋት። ማንንም አላስፈቀድኩም። በሩ ውስጥ፣ ከጥበቃ ቤቴ ጎን ጥላ ያለበት ቦታ አለ፤ እዚያ ተከልናት፣ ዘይት ቀባናት። ሸምሱ ጠዋት እየመጣ ተቀመጠ። ያን ግራጫ ሱሪ ግድግዳው ላይ ሰቀለው፣ ባለቤቱ በዚህ ካለፈ ያየዋል ብሎ። ከሕንፃው ሠራተኞች ቁልፍ የረገፈበት፣ ዚፕ የተበላሸበት ይመጣ ጀመር። አንዷ ጸሐፊ ቀሚሷን አምጥታ «አባባ፣ ከዚህ ከዚህ ያዝ ያዝ ያድርጉልኝ» ስትለው «ልጄ፣ ቢሮሽ ውስጥ ወንበር የለም እንዴ? በዚህ ላይማ መቀመጥ አትችዪም» ሲላት ሰማሁ። ሸምሱ ተመለሰ አልኩ። ምሳውን ከእኔ ጋር በላ፣ መድኃኒቱንም ዋጠ። ከሰዓት በኋላ ክር ሲያልቅበት እጁን ወደ ጆሮው አነሳ።

«አለሁ» አለ።

የሕንፃው አስተዳዳሪ አየን። ክፉ ሰው አይደለም። ለብቻዬ ጠራኝ።

«አባታችን፣ እኔ በግሌ ችግር የለብኝም። ግን ይሄ ኦፊስ ነው። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ልብስ ሰፊ ከሆነ የሕንፃው ኢሜጅ ይበላሻል። ማለቴ፣ ይገባዎታል አይደል?»

«አይገባኝም» አልኩት። «ደንበኛው ልብስ ለብሶ አይደለም እንዴ የሚገባው?»

ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ደግሞም በሩ በሪሞት ሊሆን ነው፤ ሞተሩ የሚተከለው እዚያው ቦታ ላይ ነው» አለ። የስፌት መኪናዋ ተመልሳ ምድር ቤት ገባች።

ለሕንፃው ባለቤት ሹፌር ነገርኩ፤ ለአስተዳዳሪው ንገረው አለኝ። ቡልጋሪያ ጋራዥ ያላቸውን ሰዎች ጠየቅኩ፣ መስቀል ፍላወር የካፌ በረንዳ ጠየቅኩ። አንዲት የስፌት መኪና ማስቆሚያ ነው የለመንኩት፣ ሌላ አይደለም። ሰው ሁሉ አዘነ። ያላዘነ የለም፣ ቦታ የሰጠም የለም።

በዚህ መሃል ሰሚራ ከሥራ ስትመለስ እኔ ጋ በሩ ላይ መጣች። ስልኳን አውጥታ የማዞሪያ ሳጥኑን ፎቶ አሳየችኝ። ጥቁር ነው፣ የመስታወት መዝጊያ አለው፣ ውስጡ ሰዓቱ የሚታሰርበት ትንሽ ትራስ አለ፤ ውፍረቱ የሰው ክንድ ያክላል።

«ልገዛለት ነው ጋሽ ታዬ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ አያስፈልግም ነው የምለው።»

«ለምን?»

«ሰዓት ሠሪው ቢቆም አይጎዳም ብሏል። ነቅነቅ ይደረጋል፣ ይስተካከላል፣ አለቀ። እሱ ብዙ ሰዓት ላለው ነው። አባትሽ አንድ ሰዓትና ሁለት እጅ ነው ያለው። ሁለት እጅ ያለው ሰው ሰዓቱን ሳጥን ያዙርለት?»

«ለሰዓቱ ብዬ መሰለዎት?» አለችኝ። ድምጿን አላነሳችም። «ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ጆሮው ላይ ማስጠጋት ነው። ያኔ ፊቱን እርስዎ አያዩትም። የማየው እኔ ነኝ፤ እሱን አይቼ ነው ሥራ የምሄደው። አንድ ጠዋት ሲሄድ ቢያገኘው ምን አለበት?»

እውነቷን ነው። እኔም እውነቴን ነው። «ሳጥኑ ሰዓቱን ያንቀሳቅሳል እንጂ አባትሽን አያንቀሳቅስም» አልኳት። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ «እሺ» ብላ ሄደች። የሽማግሌ ቃል መሻር አትወድም።

ሶፋውን ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ለጎረቤት ሰጠችው። መኪናዋን በሰው አሸክመን ሦስተኛ ፎቅ አወጣናት። ሰሚራ ታች መግቢያው ላይ «ልብስ ይሰፋል» የሚል ወረቀት ለጠፈች። የመጣ ሰው ግን አልነበረም። አሁን ሰው የተሰፋ ነው የሚገዛው፤ ለአንድ ዚፕ ብሎ ሦስት ፎቅ ማን ይወጣል።

በእረፍት ቀኔ ልጠይቀው ሄድኩ። ደረጃው ላይ ሆኜ የመኪናዋን ድምፅ ሰማሁ። ጉልበቴ ሁሉ ቀለለኝ፤ ሥራ አገኘ አልኩ። ስገባ መጋረጃ ይሰፋል። ዳር ዳሩን አጥፎ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በቀጭኑ ሄደበት፤ ያ እጁ አልተለወጠም። ጨረሰ። ክሩን በጠሰ። ከዚያ ምላጩን አንስቶ የሰፋውን ሁሉ ተረተረ። እጥፋቱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ አስተካከለና እንደገና ከጫፉ ጀመረ። ጨርቁን ቀረብ ብዬ አየሁት፤ ጠርዙ በመርፌ ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል።

«ምንድን ነው የምትሰፋው?» አልኩት።

«ሰዓት» አለኝ።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ግራጫው ሱሪ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ሸምሱ ፔዳሉን ሲመታ፣ ጨርቁን ሲገፋ ግራ እጁ ይሄዳል ይመለሳል፤ ሰዓቱም አብሮ።

«ጨርቁ እኮ አለቀ ሸምሱ።»

«አየሁት። መርፌዋም የምትይዘው ቦታ አጥታለች።» እግሩን አቆመ። «ሳጥኑን እምቢ ያልከው አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«አንተ ስላለህ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ታች ጋራዥ ውስጥ ብረት ይቀጠቅጣሉ። «ታዬ» አለኝ፣ «እኔ እኮ አሁን ሳጥን ነኝ። ሳጥን ደግሞ ክር አይፈጅም። ትግዛው። እጄን ደክሞኛል።»

እጄን ደክሞኛል ሲል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። እግሩን ያመዋል፣ ዓይኑን ይጋርደዋል፣ እጁን ግን ደክሞት አያውቅም ነበር። ልከራከረው አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ና ሥራ አለልህ ልለው? የማሳየው ቦታ የለኝም።

«ትግዛው» አልኩ።

ሳጥኑ መጣ። ሌላ ማስቀመጫ ስላልነበረ መኪናዋን በዚያው በተበሳሳው መጋረጃ ሸፍነው ላይዋ ላይ አስቀመጡት። ሸምሱ ሰዓቱን ፈትቶ ራሱ ትራሱ ላይ አሰረው፤ ለእኔ እንዳሰረልኝ አድርጎ፣ ሳይጠብቅ ሳይላላ። ሰሚራ ሶኬቱን ሰካችው። ትራሱ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ቆመ፣ በሌላ በኩል ዞረ።

«ያርፋልም» አለ ሸምሱ። «ከእኔ ይሻላል፣ ማረፍ ያውቃል።»

ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ ቆሞ አያውቅም። ሰሚራ በበሩ በኩል ስታልፍ እጠይቃታለሁ።

«ጠዋት ሲሄድ ያገኘዋል?»

«ያገኘዋል።»

«ምን ይላል?»

«ጆሮው ላይ ያደርገዋል። ከዚያ መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ያስገባዋል።»

«አያስረውም?»

«አያስረውም።»

«አለሁ አይልም?»

የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። «ከዚያስ?» አልኳት። «ይቀመጣል» አለች። ሲሰጡት ይበላል፣ ሲሰጡት ይውጣል። እምቢ የሚልበት ጊዜ ይሻል ነበር፤ ያኔ ቢያንስ የሚጣላ ሰው ነበረ።

ሰሚራ በደወለችልኝ ጠዋት ደርሼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። እጥበቱ የነሱ ሥርዓት ስለሆነ አልገባሁም። ሲያወጡት በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ስፌት የለውም፣ እንዳለው። ያን ቀልዱን ለማንም አላወራሁትም። ቀብሩ ላይ ከኋላ ሆንኩ፤ አንዱ አካፋውን ሲሰጠኝ እኔም አፈር አለበስኩት።

ስንመለስ ቤቱ ሰው ሞልቷል። ቁርኣን ይቀራል። ሳጥኑ እዚያው መኪናዋ ላይ ይዞራል፣ ያርፋል፣ ይዞራል፤ ያስታወሰው የለም። ሰዓቱ ልክ ነበር። ሰሚራ በሰው መሃል አልፋ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ጋሽ ታዬ፣ ልንቀለው?»

እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ አዎ ወይ አይ የምል ሰው ነኝ። በዚያ ሳጥን ነገር መጀመሪያ አይ ብያለሁ፣ በኋላ አዎ ብያለሁ፤ የትኛውም አልጠቀመውም። «እንጃ ልጄ» አልኳት። ነቅላው እንደሆነ ሳላይ ወጣሁ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ በፌስታል ይዛ መጣች፣ ሰዓቱንና ሳጥኑን።

«እርስዎ ላይ አይቆምም ይለኝ ነበር አባ» አለችኝ።

«ሰዓቱን እቀበላለሁ። ሳጥኑን መልሺው፣ እኔን አያስፈልገኝም።»

«ይቀመጥ ግድ የለም። ቤት ሲሆን ሳየው ነው የሚያመኝ።»

«ግራጫውስ ሱሪ?»

«እሱ እኔ ጋ አለ። ሰውዬው ቢመጣ ብዬ።»

ሳጥኑን ጥበቃ ቤቴ ውስጥ አልጋው ሥር ከተትኩት። ሰዓቱን አሰርኩ። በሩን ስጎትት ይሄዳል፣ ስመልስ ይሄዳል፣ እንደ ድሮው።

አሁን በሩ ላይ ሞተሩን ገጥመውታል። የምከፍተው በአውራ ጣቴ ነው፤ ቁልፏን ስጫናት በሩ ራሱ ይሄዳል፣ ራሱ ይመለሳል። ግቢውን የሚጠርግ ሌላ ሰው ተቀጥሯል፣ መኪና ማጠብም ተከልክሏል። «እንግዲህ እርስዎ ቁጭ ማለት ብቻ ነው» አለኝ አስተዳዳሪው፣ ደስ የሚለኝ መስሎት። አግዳሚው ላይ እውላለሁ። ሸምሱ ይቀመጥበት በነበረው በኩል አልቀመጥም።

ጠዋት ስነሳ ግራ እጄን ወደ ጆሮዬ አመጣለሁ፣ ከማን እንደተማርኩት ይታወቃል። እስካሁን ሲሄድ ነው የማገኘው። ዛሬ ግን ሰዓቱ ከስልኬ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሌሊት ቆሞ፣ ስነሳ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ አላውቅም። ነቅነቅ አድርጌ አስተካከልኩት። አይጎዳም ብሏል ሰዓት ሠሪው። ሳጥኑ አሁንም አያስፈልገኝም። ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ሶኬት መኖሩን ግን አይቻለሁ፤ ከአልጋው ጀርባ ነው፣ ይሠራል።